ማንን «ገጣሚ»፣ ማንን «ባለቅኔ» እንበል? ከመድረክ ጀርባ የተጻፈ መመሪያ

የግጥም ምሽት መድረክ እመራለሁ። ስድስት ኪሎ አካባቢ ባለች ትንሽ አዳራሽ ውስጥ ማይክ ይዤ ስም እጠራለሁ። ሥራው ቀላል ይመስላል። ስሙስ አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው ከስሙ በፊት የሚገባው ቃል ነው። «አሁን ወደ መድረክ የምጋብዘው...» ካልኩ በኋላ ምን ልበል? ገጣሚ? ባለቅኔ? ደራሲ? አርቲስት? ቃሉ ካልተስማማው ሰውዬው ፊቱን አጨፍግጎ ይወጣል፤ ግጥሙንም እንደዚያው አጨፍግጎ ያነባል።

ይህን የምጽፈው እንደኔ መድረክ ለምትመሩ፣ ፖስተር ለምትሠሩ፣ የመጽሐፍ የጀርባ ሽፋን ለምትጽፉ፣ የሟች የሕይወት ታሪክ አዘጋጁ ተብላችሁ ሌሊቱን ለምታድሩ ሰዎች ነው።

አስቀድሜ የራሴን አቋም ልናገር። ብዙ ሰው እነዚህን ቃላት እንደ ወታደር ማዕረግ ነው የሚደረድራቸው። ከታች አዝማሪ፣ ከፍ ሲል ገጣሚ፣ ቀጥሎ ባለቅኔ፣ ጫፍ ላይ ሎሬት። ስለዚህ ሰው ለማክበር ሲፈልግ አንድ ደረጃ ከፍ አድርጎ ይጠራዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። ቃላቱ የሚለያዩት ግጥሙ የት ቦታ፣ ለማን፣ በምን ቋንቋ እንደሚባል ነው። ይህን ከያዛችሁ አብዛኛው ነገር ራሱ መልክ ይይዛል።

ግራ ከገባችሁ «ገጣሚ» በሉ

ገጣሚ ሁሉንም የሚችል ቃል ነው። ምንጩ ገጠመ ነው። በር ከመቃኑ ሲስማማ ገጠመ እንላለን። «ድስት ግጣሙን አያጣም» የምንለውም ከዚሁ ነው። ገጣሚም ቃልን ከቃል፣ ቤትን ከቤት የሚያጋጥም ሰው ነው። በቃሉ ውስጥ ማሽሞንሞንም ማንኳሰስም የለም፤ የሥራ ስም ነው።

«መጽሐፍ ያላሳተመ ሰው ገጣሚ ይባላል ወይ?» ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። አዎ፣ ይባላል። ማተሚያ ቤት ገንዘብ ይፈልጋል፤ ገንዘብ ደግሞ የግጥም መለኪያ ሆኖ አያውቅም። ዛሬ ቴሌግራም ላይ ብቻ የሚጽፉ፣ ስንኛቸው ግን ሰው አፍ ውስጥ የገባ ልጆች አሉ። እነሱን «ወደፊት ገጣሚ የሚሆን» ብሎ መጥራት ያሳፍራል። የታተመ ሥራ ካለ ለብቻው ይነገር፦ «ገጣሚ እገሌ፣ የዚህ የዚህ መድብል ባለቤት»።

ብዙ ስሕተት የሚሠራው ከገጣሚ ፊት በሚገቡት ቅጽሎች ላይ ነው። «አንጋፋ» ዕድሜንም የአገልግሎት ዘመንንም አንድ ላይ ይናገራል። ገና አርባ ዓመት ያልሞላትን ሴት «አንጋፋዋ» ብላችሁ ብትጠሩ የምታመሰግናችሁ አይመስለኝም። «ወጣት» ደግሞ በኛ አገር ማብቂያ የለውም። ፀጉሩ የሸበተ፣ ልጁን ድሮ የዳረ ሰው «ወጣቱ ገጣሚ» ተብሎ ሲጠራ ሰምቻለሁ፤ ለመጀመሪያ መጽሐፉ የተለጠፈበት ቃል ሳይነሳለት ቀርቶ ነው። «ታዋቂው» የሚለውን እኔ ጥዬዋለሁ። የታወቀ ከሆነ ሰዉ ያውቀዋል፤ ካልታወቀ ማለቱ ራሱ ማጋለጥ ነው።

ራሳቸውን ዝቅ የሚያደርጉበት ቋንቋም አለ። «ምን ተብለህ ትጠራ?» ስትሉት «እኔ እንኳ ጫር ጫር ነው የማደርገው» ይላችኋል። «እሞካክራለሁ»፣ «ስንኝ ቢጤ እቋጥራለሁ» የሚልም አለ። ይህ የትሕትና ወግ ነው፤ ባለቤቱ ብቻ ነው የሚለው። እናንተ ማይክ ላይ «አሁን ጫር ጫር የሚያደርገውን እገሌን...» ካላችሁ ስድብ ሆነ። እሱ ዝቅ ባለ ቁጥር እናንተ «ገጣሚ» ብላችሁ ቀና ታደርጉታላችሁ። «ጀማሪ» የሚለውም ቃል እንደዚያው ነው፤ ራሱ ይበለው እንጂ እናንተ አትበሉት።

ሴት ስትሆን «ገጣሚዋ» ይበቃል። «ገጣሚት»፣ «ደራሲት» የሚሉ አሉ፤ ለጆሮዬ ትንሽ ይከብዳል እንጂ ስሕተት አይደለም። «ሴት ገጣሚ» እና «እንስቷ ገጣሚ» ግን ይቅሩብን። «ተባዕቱ ገጣሚ» ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ብዙ ቁጥሩ ላይ ፖስተር ሠሪዎች ሁሌ ይስታሉ። «ገጣሚዎች» በወሬም በጽሑፍም ያስኬዳል። «ገጣሚያን» ከግዕዙ የመጣ ስለሆነ ለፖስተርና ለመጥሪያ ወረቀት ያምራል። «ገጣሚያኖች» ግን ሁለት ጊዜ ማብዛት ነው። «ደራስያኖች»፣ «መምህራኖች» የሚሉትም ያው ናቸው። አንዱን ምረጡ።

ባለቅኔ ሁለት ቤት አለው

እዚህ ጋ ረጋ እንበል። የእናቴ ወንድም ጎጃም ውስጥ ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ነው። አዲስ አበባ መጥቶ እኛ ቤት ሲያርፍ የፕሮግራሙን ፖስተር አንሥቶ ያየዋል። «ባለቅኔ እገሌ» የሚል ካገኘ ጥያቄው አንድ ነው፦ «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ሰው ጉባኤ ቃና ይቆጥራል?»

ቀልድ አይደለም። በእሱ ዓለም ቅኔ ማለት በግዕዝ የሚቆጠር፣ ልክና ዜማ ያለው ነገር ነው። ትንሹ የቅኔ ዓይነት ጉባኤ ቃና 2 ቤት፣ ማለትም 2 መስመር፣ አለው። መወድስ 8 ቤት አለው። በመሐል ሌሎቹ አሉ። ተማሪው ከትንሹ ተነሥቶ ወደ ትልቁ ይወጣል። ቀን ላይ ከሰው ርቆ፣ ጥጉን ይዞ ቅኔውን ይቆጥራል። ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። መምህሩ ያርማል፤ አንዳንዴም ሙሉውን አፍርሶ ይመልሰዋል። ዋድላ፣ ዋሸራ፣ ጎንጅ የሚባሉት የቅኔ ቤቶች ስማቸው የቆየው በዚህ ዓይነት ትምህርት ነው። ደግሞ አንድ የተቀኙትን ቅኔ በሌላ ቀን መልሶ ማቅረብ ነውር ነው፤ በየበዓሉ አዲስ ይጠበቃል። የኛ የመድረክ ገጣሚ አንዱን የተወደደለትን ግጥም ይዞ ከተማ ሲዞር አጎቴ የሚገርመው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ከዚህ ቤት የወጡ ሰዎችን ስትጠሩ የቤቱን ቃል ተጠቀሙ። ባለቅኔ ይቀኛል። ተማሪ ቅኔ ይቆጥራል፣ ይነግራል። የሚያስተምረው የቅኔ መምህር ነው፤ ፊት ለፊት ሲያናግሩት ግን «የኔታ» ነው የሚባለው። «ቅኔ ዘራፊ» የሚለውን ስትሰሙ ደግሞ አትደንግጡ። እዚያ ዘረፈ ማለት ቅኔውን እዚያው በቁሙ አፈለቀ ማለት ነው፤ ቅኔ ዘራፊ ትልቅ ሙገሳ ነው። ከተማ ውስጥ የሰው ግጥም ገልብጦ በስሙ የሚለጥፈውን ሰው በዚህ ቃል አትጥሩት። ለእሱ «ሌባ» የሚል ግልጽ ቃል አለ።

የቤተ ክህነት ማዕረግና የቅኔ ስም የሚምታታባቸውም አሉ። መሪጌታ፣ ቀኝጌታ፣ ግራጌታ፣ አለቃ የሹመት ስሞች ናቸው። ባለማዕረጉ ቅኔ አዋቂ ሊሆን ይችላል፤ ማዕረጉ ግን «ባለቅኔ» ማለት አይደለም። ስለዚህ ሁለቱም በየቦታቸው ይግቡ፦ «ቀኝጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ፣ ባለቅኔና ጸሐፌ ተውኔት»። ማዕረጉ ከስሙ በፊት፣ ሙያው ከስሙ በኋላ። አለቃ ገብረ ሐናን ሰው ሁሉ በቀልዳቸው ብቻ ያነሣቸዋል። ነገር ግን ትልቅ የቅኔ ሰው ነበሩ፤ ተክሌ የሚባለው አቋቋም፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን የዝማሜ ሥርዓትም፣ ከእሳቸውና ከልጃቸው ስም ጋር የተያያዘ ነው። ስለ እሳቸው ስትጽፉ «ቀልደኛው አለቃ» ብላችሁ አትለፉ። «መሪጌታ» የሚለው ቃል ደግሞ በዚህ ዘመን ፌስቡክ ላይ «ለሁሉም ችግር መፍትሔ» ከሚል ማስታወቂያና ከስልክ ቁጥር ጋር ስለሚመጣ፣ እውነተኛ መሪጌታ መድረክ ላይ ስጋብዝ የሚያገለግሉበትን ደብር አብሬ እጠራለሁ። አለበለዚያ ከኋላ ወንበር ሳቅ ይሰማል።

ሴት የቅኔ መምህር አለች ወይ ብሎ ለሚጠይቅ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ አሉ። ዓይነ ስውር ነበሩ፤ ጎጃም ውስጥ ወንዶቹን ቁጭ አድርገው ቅኔ አስተምረዋል። እሳቸውን «የቅኔ መምህር እማሆይ ገላነሽ» ማለት ነው። «ሴቷ ባለቅኔ» ካላችሁ ከሙያቸው ይልቅ ጾታቸውን አስቀደማችሁ።

የባለቅኔ ሁለተኛው ቤት የአማርኛው ነው። እዚህ ባለቅኔ ስንል አማርኛን አጥልቆ የጻፈ፣ ቃሉ ላይ ላዩን ሲነበብ አንድ፣ ሲቆፈር ሌላ የሚሰጥ ሰው ማለታችን ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅንን ባለቅኔ ስንል ማንም አይከራከረንም። መንግሥቱ ለማም እንዲሁ፤ አባታቸው አለቃ ለማ ኃይሉ የቅኔ ሊቅ ስለነበሩ ሁለቱ ቤቶች በእሳቸው ላይ ይገናኛሉ። ይህ ትርጉም ትክክል ነው፤ አጎቴ ባይወደውም ሕዝቡ ይዞታል።

ታዲያ መቼ እንጠቀምበት? እኔ የምከተለው ይህን ነው። ሰውዬው ቅኔ ቤት ውሎ ከሆነ በሙሉ አፌ ባለቅኔ እለዋለሁ። ውሎ ካልሆነ፣ ሕዝብና ሌሎች ጸሐፊዎች አስቀድመው ባለቅኔ ብለውት ከሆነ እኔም እከተላለሁ። ሁለቱም ከሌለ በራሴ ሥልጣን አልሰጥም። «ግጥሙ ሰምና ወርቅ አለው» የሚለው ምክንያት ብቻውን አይበቃኝም፤ ሰምና ወርቅማ አዝማሪ ቤትም ሞልቷል።

ባለቅኔ ያልተባለ ሰውም አነሰ ማለት አይደለም። ሰሎሞን ደሬሳ ቤት መምታትን ትቶ በልቅ ስንኝ ሲጽፍ የአማርኛን ግጥም ሌላ መንገድ አሳየው። ገብረ ክርስቶስ ደስታ በቀለምም በቃልም ሠርቷል። እሱን «ሠዓሊና ገጣሚ» ነው የምንለው፤ ሥዕሉ የሚቀድመው የተማረውም ያስተማረውም ሥዕል ስለሆነ ነው። ለእነዚህ ሰዎች «ገጣሚ» የሚለው ቃል ምን ይጎድለዋል? ምንም።

ሎሬት

ሎሬት ሽልማት ነው፤ ሰጪ አለው። ጸጋዬ ሎሬት የተባለው ከውጭ አገር የባለቅኔዎች ኅብረት በተሰጠው ክብር ነው። ደግሞም የገጣሚ ብቻ አይደለም፤ ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌም የዓለም ሎሬት ይባሉ ነበር። አንድ ጊዜ አንድ አዘጋጅ ገና ሁለተኛ መድብሉን ያላሳተመ ልጅ ስም ላይ «ሎሬት» ብሎ ፖስተር አሳትሞ ላከልኝ። «ማን ሰጠው?» አልኩት። «ይገባዋል ብዬ ነው» አለኝ። ልጁ ራሱ ፖስተሩን ሲያይ ላብ አጠመቀው። ማክበር ከፈለጋችሁ ግጥሙን በደንብ አንብቡለት።

አዝማሪ ከማለታችሁ በፊት ጠይቁ

ሥሩ ከዘመረ ነው፤ ክቡር ሥር ነው። ነገር ግን ቃሉ ቆስሏል። በወሬ መሐል «አዝማሪ ነው» ሲባል የሚያሞጋግስ፣ ለከፈለ ሁሉ የሚያጎበድድ ሰው ማለት ሆኗል። በዚያ ላይ ድሮ አዝማሪን ዝቅ አድርጎ የማየት ልማድ ነበር፤ ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም። ስለዚህ ማሲንቆ የያዘ ሰው ሲመጣ ከመድረክ ጀርባ እጠይቃለሁ።

የሚመጣው መልስ አንድ ዓይነት አይደለም። አንድ የጎንደር ልጅ «አዝማሪ በይኝ! አባቴ አዝማሪ፣ አያቴ አዝማሪ። ሌላ ስም አልፈልግም» ብሎኛል። በዕድሜ የሚበልጡት ሌላው ሰውዬ ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የባህል ሙዚቃ ተጫዋች በይኝ የኔ ልጅ፤ የልጅ ልጆቼ አዳራሹ ውስጥ አሉ» አሉኝ። ሁለቱንም እንዳሉኝ ጠራኋቸው።

እኔን ግን «ማሲንቆ ተጫዋች» የሚለው ብቻውን አይመቸኝም። ጣቱን ብቻ ነው የሚጠራው። አዝማሪ ፊቱ የተቀመጠውን ሰው አይቶ፣ ስሙን ጠይቆ፣ አገሩን ጠይቆ፣ እዚያው ስንኝ የሚያወጣ ሰው ነው። ያን ግማሹን ጥሎ መጥራት ገጣሚነቱን መደበቅ ነው። ስለዚህ «አዝማሪ» የሚለውን ካልፈለገ «ማሲንቆ ተጫዋችና ገጣሚ» እላለሁ፤ እስካሁን የተቆጣኝ የለም።

አዝማሪ ቤት ደግሞ ሁለት ዓይነት ግጥም ባለቤት አለ። አንዱ አዝማሪው ነው። ሌላው «ተቀበል!» ብሎ ከወንበሩ ስንኝ የሚወረውረው እንግዳ ነው። እንግዳው ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ያወጣዋል። በዚያች ሰዓት ገጣሚው እንግዳው ነው። ባንክ የሚሠራ፣ ታክሲ የሚነዳ፣ ቀን ላይ ግጥም የሚባል ነገር የማይነካው ሰው ይሆናል። እሱን ምን ትሉታላችሁ? «ግጥም ሰጪ» ነው። ስለ አዝማሪ ቤት ስትጽፉ የቤቱን ስንኝ ሁሉ ለአዝማሪው አትስጡት፤ ማን እንደሰጠው ለዩ።

ላሊበላ ወይም ሀሚና የሚባሉት ከአዝማሪ ይለያሉ። ማሲንቆ የላቸውም። ገና ሳይነጋ በየደጃፉ ቆመው፣ የቤቱን ሰው ስም እየጠሩ ያዜማሉ፤ ምጽዋት ሲቀበሉ መርቀው ይሄዳሉ። ይህን ካላደረጉ ቁምጥና ይይዛቸዋል የሚል እምነት ስለሚነገርባቸው ስሙ ከዚያ ጋር ተጣብቋል። ስለ ልማዱ ስትጽፉ ቃሉን ተጠቀሙ። ሰው ላይ ግን እሱ ሳይፈቅድ አትለጥፉ።

ልቅሶ ቤት፣ ጦር ሜዳ፣ ሐድራ

አልቃሽ የሚያለቅስ ሁሉ ነው። ሙሾ አውራጅ ግን ባለሙያ ናት። የሟቹን ዘር፣ ሥራ፣ አመል፣ የተወውን ልጅ ሁሉ በስንኝ እያነሣች ትመራለች፤ ሌላው ይከተላታል። አስለቃሽም ትባላለች። ግሡ አወረደች ነው፤ «ሙሾ ጻፈች» ወይም «ሙሾ ዘፈነች» አይባልም። አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ ስማቸው የተመዘገበላቸው ግን ጥቂት ናቸው። በቅርቡ ለአንዲት እናት የሕይወት ታሪክ እንዳዘጋጅ ተጠይቄ ነበር። ልጆቿ «የቤት እመቤት» ብለው ጽፈው ሰጡኝ። ጎረቤቶቿን ሳናግር በአካባቢው ለቅሶ ያለሷ እንደማይደምቅ ነገሩኝ። «የቤት እመቤትና ሙሾ አውራጅ» ብዬ ጻፍኩ። ትልቁ ልጅ መጀመሪያ ቅር አለው፤ ሲነበብ ግን ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ሴቶች «እውነት ነው!» አሉ።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም መቅደላ ላይ ሲሞቱ የተባሉት ስንኞች ዛሬም ድረስ በሰው አፍ አሉ። ማን አላቸው? አይታወቅም። እንዲህ ዓይነቱን የቃል ግጥም ስትጠቅሱ ባለቤት አትፍጠሩ። «ተብሎ ተገጠመ»፣ «አገሬው እንዲህ አለ»፣ «አልቃሽ እንዳለችው» በሉ። አማርኛ ለዚህ ጥሩ ወግ አለው፤ ድሮ ነገሥታቱ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ ነበር ይባላል። እረኛ እዚያ ላይ ከብት ጠባቂ ብቻ ሳይሆን ስም የለሹ ገጣሚ ነው። ኢንተርኔት ላይ ግን ባለቤት የሌለው ስንኝ ሁሉ ለጸጋዬ ይሰጣል። ደካማውም፣ ቤት የማይመታውም ከፎቶው ሥር ይለጠፋል። መድብሎቹ ውስጥ ካላገኛችሁት ስሙን አትጻፉ።

የጦር ሜዳው ወገን አጭር ነው። ቀረርቶ የሚያሰማ አቅራሪ፣ ሽለላ የሚያሰማ ሸላይ፣ «ዘራፍ!» ብሎ የሚነሣው ፎካሪ ነው። ሦስቱንም «ፉከራ» ብሎ መጠቅለል ይበዛል፤ ካልለያችሁት ባለሙያውን ጠይቁ፣ ያስረዳችኋል።

በሐድራ፣ ማለትም በሙስሊሞች የዝክርና የምስጋና ጉባኤ፣ የሚባለው መንዙማ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በወሎ በተለይ ዑለማው፣ የሃይማኖቱ ሊቅ፣ ራሱ ደርሶታል፤ አማርኛውን በዐረብኛ ፊደል እየጻፈ ጭምር። የደረሰው ሼኽ ነው፤ ሲጠሩት በሼኽነቱ ነው። ዛሬ በድምፁ የሚያቀርበውን ሰው «መንዙማ አቅራቢ» ማለት ይቻላል። «ዘፋኝ» ማለት አይቻልም። አንድ ምሽት አንድ የደሴ ልጅ ጋብዘን ነበር፤ ከመውጣቱ በፊት የጠየቀኝ ነገር ይህ ብቻ ነበር፦ «ብቻ ዘፋኝ እንዳትዪኝ።»

ደራሲ፣ ጸሐፊ፣ የዘፈን ግጥም

ደራሲ ሰፊ ቃል ነው፤ ልብ ወለድም ግጥምም ዜማም የደረሰውን ይይዛል። ዛሬ ግን ጆሯችን ደራሲ ሲሰማ ልብ ወለድ ነው የሚጠብቀው። «ደራሲና ገጣሚ» ካላችሁ ሁለቱንም ይጽፋል ማለት ነው። ግጥም ብቻ ለሚጽፍ «ገጣሚ» ይበቃዋል፤ ደራሲ ስላላችሁት አያድግም። «ጸሐፊ» ብቻውን አይመከርም፤ ሰው የቢሮ ጸሐፊ ሊመስለው ይችላል። «አርቲስት» ደግሞ ሁሉን ጠቅልሎ ምንም አይናገርም።

የዘፈን ግጥም የሚጽፉት በጣም የተረሱ ናቸው። የካሴት ዘመን ትዝ ይላችሁ እንደሆነ፣ ሽፋኑ ላይ በደቃቅ ፊደል «ግጥም»፣ «ዜማ»፣ «ቅንብር» ተብሎ ሦስት ስም ይሰለፍ ነበር። ዛሬ ዘፈኑ በስልክ ይመጣል፤ ሽፋን የለውም። ስንኙ ሁሉ ለድምፃዊው ይሄዳል። ስለዚህ የዘፈን ስንኝ ስትለጥፉ የገጣሚውን ስም ፈልጋችሁ ጻፉ። እነሱን ስትጠሩ «የዘፈን ግጥም ደራሲ» ትክክለኛ ነው። ለመጽሐፍም ለዘፈንም የሚጽፍ ከሆነ «ገጣሚ» ብቻ በሉና ዘፈኑን በኋላ አንሡት። ዓለምፀሐይ ወዳጆን ለምሳሌ አንድ ቃል አይችላትም፤ ገጣሚ ናት፣ ጸሐፌ ተውኔት ናት፣ ተዋናይ ናት፣ የስንት ዘፈን ግጥም የእሷ ነው። በዋሽንግተን ጣይቱ የባህል ማዕከልን መሥርታ እዚያ ላለው ሰውም የግጥም ምሽት አዘጋጅታለች። እንዲህ ያለ ሰው ሲገጥማችሁ በዚያ ምሽት የሚያቀርበውን ሙያ አስቀድሙ።

ከውጭ አገር የሚመጡ ፖስተሮች ላይ አንድ ነገር አያለሁ። ሰውን በአባቱ ስም ይጠራሉ፤ ጸጋዬን «ገብረ መድኅን» ብለው። በአማርኛ ሰው በራሱ ስም ነው የሚጠራው። ሁለተኛ ጊዜ ስታነሡት «ጸጋዬ» ወይም በወሬ «ጋሽ ጸጋዬ» ነው። ታላቅን ፊት ለፊት «ጋሼ»፣ «እትዬ» ማለት ወግ ነው፤ ማይክ ላይና በጽሑፍ ግን ሙያውና ሙሉ ስሙ ይግባ።

ግሡን አትርሱ

ስሙን አስተካክለው ግሡ ላይ የሚወድቁ ብዙ ናቸው። ገጣሚ ይገጥማል፣ ይጽፋል፣ ስንኝ ይቋጥራል። ባለቅኔ ይቀኛል። አዝማሪ ያዜማል። ሙሾ አውራጅ ታወርዳለች። ጋዜጠኞች «ተቀኘ» የሚለውን ስለሚወዱት ሁሉም ሰው ይቀኛል፤ ለከንቲባ ምርቃት አራት መስመር ያነበበውም ሰው ተቀኝቷል። እዚያ ላይ «ግጥም አቀረበ» ይበቃል። መድረክ ላይም «ግጥሙን ያነብልናል» ከማለት «ያቀርብልናል» ይሻላል። በቃሉ የሚወጣው ሰው «ያነባል» ሲባል ይከፋዋል፤ ወረቀት የያዘው ደግሞ «ያቀርባል» ቢባል አይከፋውም።

አሁን አሁን የሚያስቸግሩኝ አዲሶቹ ናቸው። ግጥም በጃዝ ራስ ሆቴል ከተለመደ ወዲህ ከባንድ ጋር የሚያቀርቡ ብዙ ናቸው፤ «የመድረክ ገጣሚ» ብላቸው ደስ ይላቸዋል፤ ለመድረኩ ብለው የሚጽፉትን ከመጽሐፉ ይለየዋል። ራፕ የሚያደርጉት ልጆች ግን ሌላ ናቸው። ስንኛቸው ቤት ይመታል፣ አዳራሹን ይይዛሉ፣ «ገጣሚ» ስላቸው ግን ይስቃሉ። ያለፈው ወር አንዱ «እትዬ፣ ራፐር በይኝ፤ ገጣሚ ካልሽኝ ጓደኞቼ ያሾፉብኛል» አለኝ። ራፐር ብዬ ጠራሁት። «እትዬ» ማለቱን ግን ገና አልዋጥኩትም።